ወፍ ማየትና ወፍ ማሳየት፦ የአስጎብኚነት ሙያ ከወፍ ዋሻ ደን እስከ ይፋት ቆላ

በማጀቴ ከተማ ለመምህራን፣ ለወጣቶችና ለግብርና ባለሙያዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል



የዛሬው ርእሴ ወፍ ስለ ማየት ነው። ማሽላው እሸት ሲይዝ ከንጋት እስከ ምሽት በማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ ለሚውል ገበሬ፣ «ወፍ ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው አለ» ብሎ መንገር ቀልድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ሰው አለ። ከዚህ ወደ ደቡብ፣ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባና ወደ መልካ ጀብዱ በሚወርደው መንገድ ላይ፣ በበጋው ወራት ባይኖኩላር በአንገታቸው ያንጠለጠሉ እንግዶች ከመኪና ወርደው ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ሲመለከቱ ይታያሉ። አጥብቀው የሚፈልጓት ወፍ ከድንቢጥ የማትበልጥ፣ ግራጫማ ላባ ያላት፣ በጉሮሮዋና በወገቧ ላይ ብቻ ትንሽ ቢጫ የተቀባች ናት። ያችን ወፍ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም አያገኟትም፤ በኢትዮጵያም ውስጥ መኖሪያዋ ጥቂት ነው።

ወፏ የኛ ናት። የምትኖርበት ቁጥቋጦም የኛ ነው። ታዲያ እርሷን የማሳየት ሙያና የሙያው ዋጋ የማን ነው? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመፈለግ የቀረበ ነው። አስቀድሜ የወፍ አስጎብኚ ሥራ ምን እንደሆነ፣ ለምንስ እንደሚያስፈልግ ላስረዳ፤ ከዚያም ወደ ይፋት እመለሳለሁ።

፩. ወፍ ተመልካች ማን ነው?

ወፍ መመልከት እንደ ማንኛውም የመዝናኛ ጉዞ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ወፍ ተመልካች የሚባለው ሰው ከአገሩ ሲነሣ በእጁ ዝርዝር ይዞ ይነሣል። በዝርዝሩ ላይ እስከ ዛሬ ያያቸውና ገና ያላያቸው ወፎች ተለይተው ተመዝግበዋል። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸው ተመዝግቧል፤ ነገር ግን ተመልካቹን አገራችን ድረስ የሚያመጣው የብዛቱ ነገር ብቻ አይደለም። ዋናው ምክንያት በሌላ አገር የማይገኙት ወፎች ናቸው። ሌላው ጎብኚ ላሊበላን ሳያይ እንዳይመለስ እንደሚጓጓ ሁሉ፣ ወፍ ተመልካችም አንዲት ግራጫ ወፍ ሳያይ እንዳይመለስ ይጨነቃል።

እንዲህ ያለው እንግዳ ጊዜው ውስን ነው። በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሰሜን እስከ ደቡብ አገሩን ያዳርሳል። ለአንድ ቦታ የሚሰጠው ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ነው። በዚያች ግማሽ ቀን ወፏን ካላገኘ ተመልሶ የሚመጣበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለዚህ ወፏ ዛሬ ጠዋት የትኛው ዛፍ ላይ እንዳለች የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል። የአስጎብኚው ሙያ ከዚህ ፍላጎት የተወለደ ነው።

፪. ደን ያለ መሪ ለምን ዝም ይላል?

የአስጎብኚ አስፈላጊነት ከየትም ቦታ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በደን ውስጥ ነው። በሜዳ ላይ ወፍ ከሩቅ ይታያል። ወደ ካፋ ወይም ወደ ሸካ ዝናባማ ደን የገባ እንግዳ ግን በመጀመሪያው ሰዓት ከቅጠል በስተቀር ምንም ሳያይ ሊውል ይችላል። ሁለቱም ደኖች በዩኔስኮ የተመዘገቡ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች ናቸው፤ ካፋ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ሸካ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመዝግበዋል። በእነዚህ ደኖች ዛፎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ብርሃኑ ከላይኛው ሽፋን አልፎ የሚወርደው በጥቂቱ ነው፤ ፍሬውና ነፍሳቱም በአብዛኛው ያሉት ከላይ ነው። ወፎቹ ምግባቸውን ተከትለው ከጭንቅላታችን በላይ ይውላሉ።

ለእኛ የሚቀርበን ደን ከደብረ ሲና እስከ አንኮበር ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለው የወፍ ዋሻ ደን ነው። ወፍ ዋሻ በሳይንሳዊው ትርጉም እንደ ደቡብ ምዕራቡ ዝናባማ ደን አይደለም፤ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ የሚበዙበት፣ ወደ ላይ ሲወጣ አስታና ጅብራ የሚተኩበት የደጋ ደን ነው። ሆኖም ከቆላው የሚወጣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲመታ ወደ ጉም ስለሚለወጥ፣ ዛፎቹ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው ይኖራሉ፤ ግንዳቸውም ሽበት ለብሶ ይታያል። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የመናገሻን ደን ያስተከሉት የጥዱን ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው ነው። ስሙም ለርእሳችን የተገባ ነው፦ ወፍ ዋሻ።

በዚህ ደን ውስጥ የሚሠራ አስጎብኚ ከዓይኑ አስቀድሞ በጆሮው ይሠራል። ሦስት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው ሶሪት ነው። ሶሪት አረንጓዴና ሰማያዊ ላባ ለብሶ በአረንጓዴ ቅጠል መካከል ስለሚሄድ ዓይን ያልፈዋል። ነገር ግን ከጉሮሮው የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ድምፁን የሚያውቅ አስጎብኚ እንግዳውን ወደ ዛፉ አቅርቦ፣ ወፉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እስኪሻገር ድረስ ያስጠብቀዋል። በሚሻገርበት ቅጽበት ክንፉ ሲዘረጋ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይታያል። ይህ ቀይ ቀለም በሶሪት ዘሮች ብቻ የሚገኝ፣ መዳብ ያለበት ንጥረ ነገር ነው። ከመዳብ የተሠራ ቀይ ክንፍ በአየር ላይ ሲዘረጋ ያየ እንግዳ የመጣበትን አይረሳም።

ሁለተኛዋ ግራጫ ላባ ያላት፣ በቀርከሃና በጥቅጥቅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሰውራ የምትኖር፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማትገኝ ወፍ ናት። በእንግሊዝኛ ስሟ «የሐበሻ ድመት ወፍ» እንደ ማለት ነው። መልኳ ዓይን አይስብም፤ ዜማዋ ግን በደናችን ከሚሰሙት ሁሉ የላቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሁለት ወፎች እየተቀባበሉ ያዜማሉ። ያለ ድምፅ እውቀት ይህችን ወፍ ማግኘት የዕድል ነገር ነው።

ሦስተኛው የሐበሻው ግንደ ቆርቁር ነው። ይህ ወፍ ከሌሎች ግንደ ቆርቁሮች ይልቅ ዝምተኛ ነው። እርሱን ለማግኘት ድምፁን ከመጠበቅ ይልቅ የሚመገብበትን ያረጀ ዛፍ ማወቅ ይሻላል። እዚህ ላይ ጆሮ ብቻውን አይበቃም፤ ደኑን በየሳምንቱ የሚመላለስበት ሰው እውቀት ይፈለጋል።

፫. አስጎብኚ እንዴት ይሠራል?

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት ልግለጽ። ብዙ ወጣቶች «ወፉ የት እንዳለ ካወቅሁ በቃኝ» ይሉኛል። ማወቅ ግን የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሁለተኛው እኩሌታ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው።

አንደኛ፣ ሰዓት ነው። ወፎች በብዛት የሚንቀሳቀሱት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በቆላው የቀትር ሙቀት ወፎቹ በጥላ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ አስጎብኚው እንግዳውን በጨለማ ቀስቅሶ፣ ጎሕ ሲቀድ ከቦታው ያደርሰዋል።

ሁለተኛ፣ አመላከት ነው። «እዚያ ዛፍ ላይ» የሚል ሰው ማንንም አያሳይም። የሠለጠነ አስጎብኚ ዛፉን እንደ ሰዓት ፊት ይቆጥረዋል፤ ጫፉን 12፣ ቀኙን 3፣ ግራውን 9 ያደርግና «ከደረቀው ግራር፣ በ2 ሰዓት በኩል፣ ከሁለተኛው ቅርንጫፍ በታች» ይላል። ይህ የሰዓት አቆጣጠር በፈረንጆች ሰዓት ፊት ላይ የተመሠረተ መሆኑን ለጀማሪ ማስረዳት ያስፈልጋል። እጅን ዘርግቶ በድንገት መጠቆም ወፉን ያስበረግጋል።

ሦስተኛ፣ ብርሃን ነው። ፀሐይ ከእንግዳው ጀርባ እንድትሆን ማቆም ይገባል። ከፀሐይ ጋር ፊት ለፊት የቆመ ሰው ከጥቁር ጥላ በቀር የላባ ቀለም አያይም፤ ቢጫ ጉሮሮዋንም ከሌላው ግራጫ ሊለይ አይችልም።

አራተኛ፣ ልክን ማወቅ ነው። የወፍን ድምፅ ቀድቶ በስልክ በማሰማት ወፉን ማውጣት የተለመደ ዘዴ ሆኗል። ወንዱ ወፍ ድምፁን ሲሰማ ሌላ ወንድ ወደ ግዛቱ የገባ ይመስለውና መመገቡን ትቶ ሊከላከል ይወጣል። አንድ ጊዜ ለአጭር ደቂቃ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ነገር ግን እንግዶች ሁሉ ወደ አንዲት ጥንድ ወፍ ዘንድ የሚመላለሱ ከሆነና ሁሉም ድምፅ የሚያሰሙ ከሆነ፣ ወፎቹ በመራቢያቸው ወራት ጊዜያቸውን ሐሰተኛ ጠላት ሲያባርሩ ያሳልፋሉ፤ ጎጇቸውም ያለ ጠባቂ ይቀራል። ወፎቿ ጥቂት በሆኑበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አስጎብኚ «ይበቃል፤ እንሂድ» ለማለት ድፍረት ሊኖረው ይገባል። እንዲህ ያለ ድፍረት ደግሞ የሚኖረው ወፏ ነገም እንድትኖር የሚፈልግ የአገሩ ሰው ነው። ነገ ወደ ሌላ አገር ለሚያልፍ ሰው የዛሬው ፎቶግራፍ ይበልጥበታል።

በዚህ አጋጣሚ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ዛሬ የወፍን ድምፅ ሰምተው ስሙን የሚናገሩ የስልክ መተግበሪያዎች ወጥተዋል፤ ታዲያ አስጎብኚ ለምን ያስፈልጋል? መልሴ ይህ ነው፦ ስልክ የሰማውን ድምፅ ስም ሊነግር ይችላል። ነገር ግን ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ወፎቹ ከላይኛው ሸለቆ ወርደው ከታችኛው ውኃ ዳር እንደሰፈሩ፣ ወይም የትኛው ሾላ በዚህ ሳምንት ፍሬው እንደበሰለ አይናገርም። የበሰለ ሾላ በቆላ ያለ ሰው አልባ ገበያ ነው፤ ከሥሩ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ወፎቹ ራሳቸው ይመጡለታል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ያሉት አባቶቻችን ይህን የመሰለውን እውቀት ነው።

፬. የይፋት ሁለት ወፎች

አሁን ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። የይፋት ምድር በአጭር ርቀት ውስጥ ከፍተኛ የከፍታ ልዩነት ያለበት ነው። በምዕራብ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የአንኮበርና የጣርማ በር ደጋ አለ፤ በምሥራቅ ሸዋ ሮቢትን ይዞ ወደ አዋሽ የሚወርደው ሞቃት ቆላ ይገኛል። በአንድ ቀን ጉዞ ከጅብራ ወደ ግራር፣ ከአጥንት ሰባሪው ገደል ወደ ማሽላ ማሳ ይወረዳል። በተጨማሪም ከመስከረም እስከ ሚያዝያ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ሸመላዎች፣ ንስሮችና ሌሎች ወፎች የስምጥ ሸለቆውን ጠርዝ ተከትለው ያልፋሉ፤ በሰሜናችን ያለው የቦርከና ወንዝ የጨፋ ረግረግም ለውኃ ወፎች ማረፊያ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የይፋትን ስም በዓለም የወፍ ተመልካቾች ዘንድ ያስጠሩት ሁለት ትናንሽ ወፎች ናቸው።

አንደኛይቱ ቀደም ብዬ የጠቀስኋት ናት። የሳይንስ ስሟ ክሪታግራ ፍላቪጉላ ሲሆን፣ ፍላቪጉላ በላቲን ቢጫ ጉሮሮ ማለት ነው። ዘር እየለቀመች የምትኖር፣ ድንጋያማና ደረቅ ቁጥቋጦ የምትወድ ወፍ ናት። ታሪኳ ከአንኮበር አጠገብ ካለው ከልጥ ማረፊያ ይጀምራል። በ1876 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ቡድን በማርኪስ ኦራትዮ አንቲኖሪ መሪነት ወደ ሸዋ መጥቶ፣ ከንጉሥ ምኒልክ ልጥ ማረፊያን ለጥናት ጣቢያነት ተቀበለ። አንቲኖሪ ራሱ የአእዋፍ ተመራማሪ ነበር፤ በ1882 እ.ኤ.አ. በዚያው አረፈ። ከእርሱ በኋላ በጣቢያው የሠራው ሐኪም ቪንቼንዞ ራጋዚ በ1880ዎቹ ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ቢጫ ጉሮሮዋ ትገኝበታለች፤ የቱሪኑ ሊቅ ቶማዞ ሳልቫዶሪም በ1888 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አስተዋወቃት።

ከዚያ በኋላ ወፏ ለመቶ ዓመት ያህል ለሊቃውንቱ ተሰወረች። በሙዚየም ካሉት ጥቂት ናሙናዎች በቀር ማስረጃ ስለጠፋ፣ አንዳንዶች ራሷን የቻለች ዘር መሆኗን ተጠራጠሩ፤ የሁለት ሌሎች ወፎች ዲቃላ ትሆናለች እስከ ማለት ደረሱ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ግን በዚሁ በአልዩ አምባ አካባቢ እንደገና ተገኘች። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ወፏ ለሊቃውንቱ መጽሐፍ ጠፍታ ነበር እንጂ ከአልዩ አምባ ቁጥቋጦ አልጠፋችም። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ ፍየል የጠበቀ፣ እንጨት የለቀመ፣ ወደ ገበያ የወረደ ሰው ሁሉ በአጠገቧ አልፏል። ጠያቂ ስላልነበረ መልሱ አልተሰማም።

ሁለተኛይቱ የአንኮበር ወፍ ናት። እርሷም ዘር በል ናት፤ ሰውነቷ ቡናማ ዝንጕርጕር ነው፤ በገደል ጫፍ ባለ ሣርና ሽበት መካከል በመንጋ ሆና መሬት ላይ ትለቅማለች። እንግሊዛዊው የአእዋፍ ተመራማሪ ጆን አሽ በ1976 እ.ኤ.አ. በአንኮበር አገኛት፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የአንኮበርን ስም ይዛ ለዓለም ተዋወቀች። ከጊዜ በኋላ በሰሜን ተራሮችም መኖሯ ታውቋል። ልብ በሉ፦ የነገሥታት መናገሻ በነበረ ከተማ አጠገብ፣ የውጭ መልእክተኞችና ተመራማሪዎች ከመቶ ዓመት በላይ በተመላለሱበት ገደል ላይ፣ እስከ 1976 ድረስ ማንም ለሳይንስ ያልመዘገባት ወፍ ትኖር ነበር።

በ1996 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በአገሪቱ 69 ለአእዋፍ እጅግ ጠቃሚ የሆኑ ሥፍራዎችን ሲዘረዝር፣ የአንኮበርና የደብረ ሲና ገደልን እንዲሁም የአልዩ አምባን አካባቢ ያካተተው በእነዚህ ምክንያቶች ነው። ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን እንጂ ሀብቱ ተቆጥሮ ተመዝግቧል።

፭. እውቀቱ ያለው በማን ዘንድ ነው?

«ለዚህ ሙያ የሚሆን ሰው ከየት እናመጣለን?» የሚል ጥያቄ ሲነሣ እሰማለሁ። እኔ የምመልሰው ወደ ማማው እያመለከትሁ ነው። በይፋት ቆላ ማሽላ ሲጠብቅ ያደገ ልጅ የግሪሳን መንጋ ገና ከሩቅ፣ በአበራረሩና በሁካታው ይለያል። ግሪሳ በዓለም ላይ ካሉ የዱር ወፎች ሁሉ በቁጥር የሚበልጠው ነው፤ የትኛው መንጋ ግሪሳ እንደሆነና የትኛው ጉዳት የሌለው እንደሆነ መለየት ለገበሬው የእንጀራ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ልጁ ማንም ሳያስተምረው ከዓመት ዓመት ሠልጥኗል፦ ጆሮው ንቁ ነው፣ ዓይኑ እንቅስቃሴ ይለያል፣ ለብዙ ሰዓት መቀመጥን ችሏል። የውጭ አገር ወፍ ተመልካች እነዚህን ሦስቱን ለመልመድ ዓመታት ይፈጅበታል።

ተማሪዎቼን ይዤ በቆላው ስዘዋወር ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። መጽሐፉን የያዘው ተማሪ ገና ገጽ ሲገልጥ እረኛው «ይቺኛዋ ከዚያኛዋ ትለያለች፤ ይቺ ከድንጋዩ ትወርዳለች እንጂ ማሳ አትገባም» ይላል። ስሟን ስጠይቀው ግን «ወፍ ናት» ብሎ ይመልሳል። ለትልልቆቹ ስም አለን፤ ጥንብ አንሳ፣ ጭላት፣ እርኩም፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኖስ፣ ሶሪት እንላለን። ለትናንሾቹ ግን በጽሑፍ የጸና ስም የለንም። ቢጫ ጉሮሮዋ በላቲን ስም አላት፤ በእንግሊዝኛም አላት፤ ተወልዳ ባደገችበት አገር መጽሐፍ ግን ስም የላትም። ስም የሌለው ነገር ሲጠፋ ማን ብሎ ይጠየቃል?

እዚህ ላይ የግብርና ባለሙያዎችን ልብ ማለት እፈልጋለሁ። ትናንሽ ዘር በል ወፎችን በትክክል የሚለይ ወጣት ለእንግዳ ብቻ አይጠቅምም። የግሪሳ መንጋ የት እንዳደረ ፈጥኖ የሚነግራችሁ፣ በርጭት ጊዜም ሌሎቹ ወፎች ከግሪሳው ጋር አብረው እንዳይጎዱ ቦታውን ለይቶ የሚያሳያችሁ እርሱ ነው።

፮. ከሌሎች አገሮች ምን እንማራለን?

በሰሜን ምዕራብ ኢኳዶር ጉም በማይለየው ደን ጫፍ አንሄል ፓዝ የተባለ ገበሬ አለ። ደኑን እየመነጠረ ያርስ የነበረ ሰው ነው። በመሬቱ ላይ እንግዶች የሚወዱት ቀይ ወፍ መኖሩን ባወቀ ጊዜ ወደ ወፉ የሚያደርስ የእግር መንገድ ከፈተ። መንገዱን ሲጠርግ ሌላ፣ ከሁሉ የሚሸሽ፣ በመሬት ላይ የሚመላለስ ብርቅ ወፍ ትል ሲለቅም አየ። ከዚያ በትዕግሥት ትል እየሰጠ አለማመደው፤ ወፏንም ማሪያ ብሎ ጠራት። ታዋቂ ሊቃውንት ለዓመታት ድምፁን ብቻ ሲሰሙ የኖሩትን ወፍ ገበሬው በስሟ ጠርቶ ማሳየት ጀመረ። ዛሬ ቤተሰቡ የሚተዳደረው ባልተመነጠረው ደን ነው። ወፍን ምግብ ሰጥቶ ማለማመድ በሁሉም ቦታ የሚመከር አይደለም፤ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው የመሬቱ ባለቤት ራሱ አሳዪ መሆኑን ነው።

በኡጋንዳ ደግሞ በቪክቶርያ ሐይቅ ዳር ማባምባ የሚባል ረግረግ አለ። በዚያ የሚኖረውን ጫማ መሰል መንቁር ያለውን ትልቅ ወፍ ዓሣ አጥማጆቹ ቀድሞ እንደ ክፉ ገድ ያዩት ነበር፤ ያየው ሰው ዓሣ አይቀናውም ይባል ነበርና ይገድሉት ነበር። ዛሬ እንግዶችን በታንኳ ወስደው ወፉን የሚያሳዩት የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ወፉ ያው ነው፤ የተለወጠው ከወፉ የሚገኘው ጥቅም በማን እጅ እንደሚገባ ነው።

በእኛ ዘንድስ? አንድ ስሙን የማልጠቅሰው አስጎብኚ ድርጅት እንግዶችን ይዞ ሲመጣ፣ ወፏን ያሳየው የቀበሌው ወጣት ነበር። ሁለት ሰዓት በፀሐይ ተዘዋውሮ ቦታውን ካሳየ በኋላ የተሰጠው ገንዘብ ለሻይ የሚበቃ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ድርጅቱ ቦታውን በስልኩ መዝግቦ ስለነበር ወጣቱ ጨርሶ አልተፈለገም። ያ ወጣት በቁጥቋጦው ውስጥ ከእንግዲህ ምን ጥቅም ያያል? የሚያየው ማገዶ ነው፤ ከሰል ነው። ልንወቅሰውም አንችልም። ወፏ የምትኖርበት ቁጥቋጦ በሕግ ስሙ «ባዶ መሬት» ከሆነ፣ ለዓይንም ባዶ ከመሰለ፣ መቆረጡ አይቀርም። ደኑን እንኳ ዛፉ ያስከብረዋል፤ ቁጥቋጦን የሚያስከብረው ግን በውስጡ ያለችውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

፯. ምን ይደረግ?

አራት ነገሮችን ለውይይት አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስሞቹን እንሰብስብ። በይፋት አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ይነገራሉ። ምናልባት በአንዱ ቋንቋ የሌለው የወፍ ስም በሌላው ይገኝ ይሆናል። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ከአያቶቻቸው ጠይቀው የሚያመጡት የስም ዝርዝር ለሳይንስም፣ ለቋንቋም፣ ለሙያውም መሠረት ነው።

ሁለተኛ፣ ወጣቶች በማኅበር ይደራጁ። አንድ ወጣት ብቻውን ዋጋ ሊቈርጥ አይችልም፤ ማኅበር ግን የታወቀ ክፍያና ተራ ሊያወጣ ይችላል። ድርጅቱም ቦታውን በስልኩ ቢመዘግብ እንኳ ያለ አካባቢው አስጎብኚ እንዳይገባ ከወረዳው ጋር ስምምነት ሊደረግ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ጥበቃው ከሕዝቡ ይነሣ። ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። ከእኛ በላይ በመንዝ የጓሳ ሣር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ ትውልድ ተጠብቆ ኖሯል። በአባ ቄራ መሪነት መሬቱ ለዓመታት ተዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ ለሁሉም በአንድነት ይከፈት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም፣ ኋላ ሕዝቡ በአዲስ መልክ አደራጅቶት ጓሳ ዛሬ ቀይ ቀበሮን ለማየት የሚኬድበት የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል። ለአንድ ሸለቆ ቁጥቋጦ ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ የሚቀድመው ሰላም ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. አጣዬ፣ ሸዋ ሮቢትና አካባቢያቸው ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከእናንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም። ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ መንገዱ ከተጠራጠረ ይቀራል። መንገዱ ሲከፈት ተመልሶ የሚመጣው ደግሞ ወፏና ቁጥቋጦው ካሉ ነው። ስለዚህ እንግዳ በማይመጣበት ዘመንም ቢሆን ጥበቃው ሊቋረጥ አይገባም። እንዲያውም የስም መሰብሰቡና የሥልጠናው ሥራ የሚሠራበት ጊዜ ይኸው ነው።

ውድ ወገኖቼ፣ የከተማችሁ ስም ማጀትን ያስታውሰኛል። በማጀት የሚቀመጠው ነገ የሚበላው ነው፤ ጓዳውን የሚያውቀውም የቤቱ ሰው ነው። እንግዳ ሲመጣ ማጀት ገብቶ የሚያወጣው፣ ምን ያህል እንደሚያወጣም የሚወስነው ያው የቤቱ ሰው ነው። የወፍ አስጎብኚነት ሙያም ከዚህ የተለየ ሥርዓት አያስፈልገውም።

በመጪው መስከረም፣ ከሩቅ የሚመጡት ወፎች መግባት ሲጀምሩ፣ ከተማሪዎቼ ጋር ወደዚህ ተመልሼ የስም ዝርዝሩን ሥራ ከትምህርት ቤቶቻችሁ ጋር ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። ከወዲሁ የሚያስፈልገኝ በማማ ላይ ያደጉ፣ ጆሯቸው ንቁ የሆነ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። እባካችሁ ከአሁኑ ምረጡልኝ።